ከደረሰኝ ጥራዝ እስከ ዳሽቦርድ፦ በዩኒየን ወይም በእህል ንግድ ድርጅት ቢዝነስ ኢንተለጀንስ እንዴት ይዘረጋል?

ጎጃም ውስጥ ያለ የትኛውም የገበሬ ማህበራት ዩኒየን ወይም የእህል ነጋዴ ቢሮ ግቡ፤ መረጃ ሞልቷል። በደረሰኝ ጥራዝ አለ። በስቶር ኪፐሩ ደብተር አለ። በሂሳብ ሶፍትዌሩ በፒችትሪ አለ። በሂሳብ ሹሟ ኤክሴል አለ። ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጣለም አለ። ግን ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት «ደምበጫ መጋዘን ስንት ኩንታል በቆሎ ቀረን? ኩንታሉስ ስንት ፈጀብን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሐሙስ ይመጣል። ሐሙስ ደግሞ ገዢው ሌላ ጋ ሄዷል።

ቢዝነስ ኢንተለጀንስ የሚባለው፣ ሲያጥር ቢአይ፣ ይህን ሰኞና ሐሙስ የማቀራረብ ሥራ ነው፤ ዋና ዋና ቁጥሮች በአንድ ገጽ የሚታዩበት ስክሪን ደግሞ ዳሽቦርድ ይባላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን በፈረንጆቹ 1958 በዚሁ ስም ጽፎበታል፤ ሃዋርድ ድሬስነር ደግሞ 1989 ላይ ስሙን ዛሬ በያዘው ትርጉም ማስለመድ ጀመረ። ታሪኩ ይብቃን።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ዩኒየን በሐሳብ እንያዝ። ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ ነው። መጋዘኖቹ ደጀን፣ አማኑኤል፣ ደምበጫና ቡሬ ናቸው። ከአባል ማህበራት በቆሎ፣ ስንዴና ጤፍ ይገዛል፤ በበልግና በክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ያሰራጫል። የግል ነጋዴ ከሆናችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ «ቦርድ» ያልኩበት ቦታ «ባለቤት» ብላችሁ አንብቡት።

1. ከውሳኔ ጀምሩ

ብዙ ቦታ ሥራው የሚጀምረው ሶፍትዌር በማማረጥ ነው። ሦስት ድርጅት ይጠራል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ባለቀለም ስክሪን ይታያል፣ ይጨበጨባል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ያንን ስክሪን የሚከፍተው የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኼ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተርና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ሥራ አስኪያጁን፣ የግብይት ኃላፊውንና የፋይናንስ ኃላፊዋን ለየብቻ አነጋግሩ። «ምን ሪፖርት ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንደዚያ ከጠየቃችሁ አርባ ሪፖርት ይዘረዘርላችኋል፣ ሰላሳ ስምንቱን ማንም አያነበውም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ባለፈው ወር በግምት የወሰናችሁት ውሳኔ የቱ ነው? ምን ብታውቁ ኖሮ ሌላ ትወስኑ ነበር?»

መልሱን ለእያንዳንዱ ውሳኔ በአንድ ገጽ ጻፉት። ለምሳሌ፦

ውሳኔው፦ የየትኛው መጋዘን በቆሎ ቀድሞ ይሸጥ?
ወሳኙ፦ የግብይት ኃላፊ።
መቼ፦ ዘወትር ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት።
የሚያስፈልገው ቁጥር፦ በየመጋዘኑ የቀረው ኩንታል፣ የአንድ ኩንታል ሙሉ ወጪ፣ እህሉ መጋዘን ውስጥ የቆየበት ቀን፣ የመጨረሻው የእርጥበት ልኬት።
ዛሬ ከየት ይመጣል፦ በስልክ፣ አንዳንዴ ጨርሶ አይመጣም።
ቁጥሩ ቢለወጥ ምን ይለወጣል፦ ገዢው የሚላክበት መጋዘን፣ የምንጠይቀው ዋጋ።

ወንፊቱ የመጨረሻዋ መስመር ናት። ቁጥሩ ቢለወጥ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ያ ጥያቄ አሁን አይሠራም፤ ወደ ጎን አስቀምጡት። ከቀሩት ሦስት ምረጡ። አራት አይሆንም? ይሆን ይሆናል፤ እኔ ግን በሦስት እጀምራለሁ። ከላይ ካለው ሌላ ለእንዲህ ዓይነት ዩኒየን የሚሆኑ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ «የትኛው ማከፋፈያ ማዳበሪያ ሊያልቅበት ነው?» እና «እህል መግዣ ብለን የሰጠነውን ገንዘብ የትኛው ማህበር ስንት ቀን አሳደረ?»

2. ጊዜውን ከእርሻው ጋር አስማሙት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ ላይ ሂሳብ ክፍሉን «ኑ ስብሰባ አለን» ካላችሁ የሚሰማችሁ የለም፤ ሒሳብ መዝጋት ላይ ናቸው። የማዳበሪያ ሩጫም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ውይይቱንና የትርጉም ሥራውን ነሐሴ አጋማሽ ጀምሩት። መስከረም ላይ ሠንጠረዡና ቅጹ ያልቃል። ጥቅምት ላይ ሁለት መጋዘን ብቻ ይሞከራል፤ በቆሎ ሲገባና የኅዳር የታኅሣሥ ግዢ ሲደራ መሠረቱ ቆሟል ማለት ነው። አራቱንም መጋዘን በአንድ ቀን አትጀምሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ለሙከራ ከመጋዘኖቹ አንዱን ቅርብ፣ አንዱን ራቅ ያለ ምረጡ። አማኑኤልና ቡሬ ይሁኑ እንበል። ቅርቡ ጋ ሄዳችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ራቅ ያለው ደግሞ እናንተ በሌላችሁበት ምን እንደሚበላሽ ያሳያችኋል።

3. ቁጥሩ የሚወለድበት ቦታ ሂዱ

ቢሮ ቁጭ ብሎ የመረጃ ፍሰት መሳል ደስ ይላል፤ ግን ውሸት ይሆናል። መጋዘን ሂዱ። አንድ ኩንታል ከሚዛን እስከ ሪፖርት ተከተሉት። ማን መዘነው? ማን ጻፈው? የት ላይ? ገቢው በሞዴል 19 ዓይነት ደረሰኝ ነው ወይስ መጀመሪያ በወረቀት ቁራጭ ተይዞ ማታ ይገለበጣል? ወጪው ሲወጣ ሞዴል 22 ቀድሞ ይቆረጣል ወይስ መኪናው ከሄደ በኋላ? የደረሰኙ ግልባጭ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው በስንት ቀን ነው?

የምትሰሙትን ሁሉ ጻፉ። በተለይ «በደንቡ እንዲህ ነው፣ ግን…» ሲሏችሁ የምትሰሙት ወሬ ወርቅ ነው። ከ«ግን» በኋላ ያለው ነው እውነተኛው አሠራር።

እዚህ ላይ አንድ ሰውኛ ነገር አለ። ስቶር ኪፐሩ ቁጥር ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ግምገማን ነው። ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀው ኖሮ አንድ ቀን ሦስት ኩንታል ጎደለ ተብሎ የተወረፈ ሰው፣ እናንተ ላፕቶፕ ይዛችሁ ስትመጡ በደስታ አይቀበላችሁም። ስለዚህ አብራችሁት ቁጭ በሉ፤ የሚያደክመው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንድን ቁጥር ለሦስት የተለያየ አካል ሦስት ጊዜ ይገለብጣል። ከሦስቱ ሁለቱን ካስቀራችሁለት ወዳጃችሁ ነው። ሥራ አስኪያጁም በግልጽ እንዲናገር አድርጉ፤ በሙከራው ጊዜ በሚገኝ ልዩነት ማንም አይቀጣም። ይህን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ቢያደርገው ይሻላል።

4. ትርጉም ላይ ተስማሙ (ረጅሙ ሥራ ይኼ ነው)

አብዛኛው ጊዜያችሁ እዚህ ያልቃል፤ ማለቅም አለበት። ቴክኖሎጂው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው።

*መለኪያ።* ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ ከረጢት ይቆጥራል፣ ሌላው ኩንታል ይጽፋል። «300» የሚል ቁጥር ከደጀን ሲመጣ 300 ከረጢት ከሆነ 150 ኩንታል ነው። በጥሬው ከተደመረ በወረቀት ላይ 150 ኩንታል ማዳበሪያ ከምንም ተፈጠረ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውስጥ ላይ ሁሉም ነገር በኪሎ ይቀመጥ። ከረጢትም ኩንታልም ለዕይታ ብቻ ይሁኑ። የመሬት ስፋት የምትይዙ ከሆነም ያው ነው፤ ገበሬው በጥማድ ወይም በቃዳ ይነግራችኋል፣ ብዙ ጊዜም አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይሰላል፤ እናንተ በየትኛው ሒሳብ እንደቀየራችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

*እርጥበት።* ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፣ ከዚያ ሰው ይታማል። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ ውስጥ ደረቁ ነገር 82 ኪሎ ነው። እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ ያ 82 ኪሎ የጠቅላላው 87 በመቶ ይሆናል። 82ን ለ0.87 አካፍሉ፤ 94.25 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ፍሬ ሳይሰረቅ ከ1,000 ኩንታል 57 ኩንታል ተኖ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሲገባም ሲወጣም እርጥበት ይለካ፣ ይመዝገብ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው «ጉድለት» ሁለት ይሁን፦ በድርቀት የሚጠበቅ ጉድለትና ከዚያ ያለፈ ጉድለት። መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ብቻ ነው።

*ሙሉ ወጪ።* «ኩንታሉ ስንት ፈጀብን?» ሲባል አንዱ የግዢ ዋጋውን ይናገራል፣ ሌላው ትራንስፖርት ይጨምራል። ተስማሙበት፤ የግዢ ዋጋ፣ ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ትራንስፖርት፣ የማህበሩ ኮሚሽን፣ የብድር ወለድ። ይህ ሁሉ ለገባው ሳይሆን ለሚሸጠው ክብደት ይካፈል። ለሒሳብ እንዲቀል 1,000 ኩንታል በ4,000 ብር ተገዛ፣ ሌላው ወጪ 250,000 ብር ሆነ እንበል። ጠቅላላው 4,250,000 ብር ነው። ለ1,000 ስታካፍሉ 4,250 ይላል። ለ942.5 ስታካፍሉ ግን 4,509 ብር ነው። ገዢ መጥቶ 4,450 ቢላችሁ በመጀመሪያው ሒሳብ 200 ብር አተረፋችሁ፣ በሁለተኛው 59 ብር ከሰራችሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሁለቱም ሳይዋሹ፣ አንዱ ትርፍ ሌላው ኪሳራ የሚያወራው በዚህ ምክንያት ነው።

*ቀን።* ኤክሴልም፣ ሪፖርት የሚሠራበት የማይክሮሶፍቱ ፓወር ቢአይም ቀን የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛን ቀን በቁጥር ከጻፋችሁበት ጉድ ይፈላል። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን «30/2/2017» ብላችሁ ብትጽፉ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ያ መስመር ከወር ድምር ውጪ ይቀራል። ይህስ ደህና ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን በወር ቀድሞ በሚጽፍ ኮምፒውተር ላይ «5/13/2016» ካላችሁት ግን ሜይ 13 ብሎ በደስታ ይቀበላችኋል። ማንም ሳያውቅ የጳጉሜን ሽያጭ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያየ ዓምድ ይጻፍ፤ ወሩ ከዝርዝር ይመረጥ። ከዚያ አንድ የቀን ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ እያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፣ በጎኑ የኢትዮጵያ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን፣ የበጀት ዓመት፣ ሩብ ዓመት፣ የገበያ ቀን መሆን አለመሆኑ። አንዴ ለአሥር ዓመት ከሠራችሁት በቃ። ስትሠሩ አንድ ወጥመድ አለ፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፣ በ2016 ለምሳሌ ሴፕቴምበር 12 ነበር። ጳጉሜንም የት እንደምትደመር ወስኑ። አንደኛው ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሆነ እሷን ጨምሮ 95 ወይም 96 ቀን ነው፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። ሩብ ዓመቶችን ስታወዳድሩ በቀን አማካይ አድርጉት።

*ስም።* ደብረ ማርቆስ፣ ደ/ማርቆስ፣ ማርቆስ፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ወልደ ማርያም፣ ወልደማርያም፣ ወ/ማርያም ሦስት ሰው ናቸው። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ስትጽፉ ብቻ አራት ፀሐይ ወጣች። ስለዚህ ሰውን በስሙ አትለዩት፤ ለእያንዳንዱ ማህበር፣ አባል፣ መጋዘንና ምርት ኮድ ስጡ። የድሮውን መዝገብ ለማጽዳት ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ጊዜያዊ ዓምድ ሥሩ፣ ክፍተትና ነጥቡን አጥፉ፣ ከዚያ የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሰው ይያቸው። ማሽኑ ራሱ እንዲያዋህድ አትፍቀዱለት፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸው እስከ አባት ድረስ አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ አይደለም። ዋናው ስም ደግሞ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ስምምነት ከአምስት ገጽ ባልበለጠ ሰነድ ይጻፍ፣ ኃላፊዎቹ ይፈርሙበት፣ የየመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

5. ሠንጠረዡ

ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ እንቅስቃሴ፣ አንድ መስመር። ወራትን በአግድም ደርድሮ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም እያሉ የሚሞላው የለመድነው ቅጽ ለማንበብ ይመቻል፣ ለትንተና ግን አይሆንም። የቆየው ፋይላችሁ እንደዚያ ከሆነ ኤክሴል ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ አግድሙን ወደ ቁልቁል ይገለብጥላችኋል።

የእንቅስቃሴ ሠንጠረዡ ዓምዶች እነዚህ ይበቁታል፦ የቀን ኮድ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ መጋዘን፣ ማህበር ወይም ገዢ፣ ምርት፣ የእንቅስቃሴ ዓይነት፣ ኪሎ፣ የኪሎ ዋጋ፣ እርጥበት፣ መዝጋቢ። ዙሪያውን ደግሞ ትናንሾቹ መዘርዝሮች ይቆማሉ፤ የቀን፣ የመጋዘን፣ የማህበር፣ የምርት። ሙያተኞቹ ስታር ስኪማ ይሉታል፤ ራልፍ ኪምባል የሚባል አሜሪካዊ ነው በሰፊው ያስተዋወቀው። መሃሉ ላይ እንቅስቃሴው፣ ዙሪያውን መግለጫዎቹ።

የእንቅስቃሴ ዓይነት ላይ «ዝውውር» የሚል የግድ ይኑር። ከአማኑኤል ደምበጫ የመጣ 200 ኩንታል በአማኑኤል ወጪ፣ በደምበጫ ገቢ ነው። ገቢ የተባለን ሁሉ «ግዢ» ብላችሁ ከደመራችሁ አንድ እህል ሁለት ጊዜ ገዛችሁ።

የደረሰኝ ቁጥር እንዳይደገምና እንዳይዘለል ተቆጣጠሩ። ከ4501 እስከ 4550 ያለው ጥራዝ ውስጥ 4517 ከሌለ ሲስተሙ ራሱ ይጠይቅ። ለኦዲተርም ትልቅ ዕረፍት ነው።

6. መሣሪያ መምረጥ

አሁን ገና ነው ሶፍትዌር የምናወራው። ለጀማሪ የምመክረው ኤክሴል ከፓወር ኩዌሪ ጋር፣ ከዚያ ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ነው። ዴስክቶፑ በነፃ ይወርዳል፤ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ሪፖርቱን በኢንተርኔት ለሌላው ማጋራት ስትፈልጉ በየሰዉ ወርሃዊ ክፍያ ይመጣል፤ ያ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳችሁም። ክፍያውን ብትተዉት ፋይሉን በፒዲኤፍ አውጥቶ መላክ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ሰው ካላችሁ፣ ማለትም ዳታቤዝ የማይፈራ አንድ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እናንተ ጋ ካለ፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ መረጃውን አስቀምጣችሁ፣ ከእሱ ዳሽቦርድ የሚያወጣውን ሜታቤዝን ከላይ ብታደርጉበት ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው በቢሮው ኔትወርክ ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። የየቀኑ ቅጂ ደግሞ ከዚያ ሕንፃ ውጪ ይቀመጥ።

«ኤክሴል ብቻ አይበቃም?» ለምትሉ፣ ለጊዜው ይበቃል። አንድ ሺት 1,048,576 መስመር ይይዛል፤ አንድ ዩኒየን ይህን ለመሙላት ብዙ ዘመን ያስፈልገዋል። ድሮ የነበረው የፋይል ዓይነት ግን ከ65,536 መስመር አያልፍም። በፈረንጆቹ 2020 መጸው ላይ እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ውጤቶች በዚሁ በአሮጌው ፋይል ምክንያት ከዕለታዊ ሪፖርት ተቆርጠው ቀርተው ነበር። የኤክሴል ዋናው አደጋ ሌላ ነው፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች በሦስት ፍላሽ ላይ።

ኢንተርኔትን አትመኑ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም የኖርነው ነው። ሁሉ ነገሩ ደመና ላይ የተንጠለጠለ ሲስተም በእንዲህ ያለ ጊዜ ጌጥ ነው። ስለዚህ መጋዘን ላይ ያለው ቅጽ ያለ ኔትወርክ መሞላት አለበት። ኮቦ ኮሌክት የሚባለው የስልክ አፕ ይህን ያደርጋል፤ ተሞልቶ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። እሱም ካልሆነ በስልክ ደውሎ አራት ቁጥር ማስነገር ይቻላል፤ የማዳበሪያ ቀሪ ለማወቅ ከአራት ቁጥር በላይ አያስፈልግም። መኪና በሄደ ቁጥር ደግሞ ፋይሉ በፍላሽ ይላክ። የወረቀት ደረሰኙም አይቅር፤ ሕጋዊው ሰነድ እሱ ነው።

7. የመጀመሪያው ገጽ

አንድ ገጽ። ከላይ አራት ቁጥር፦ ጠቅላላ ቀሪ፣ የኩንታል ሙሉ ወጪ፣ ከ60 ቀን በላይ የቆየ እህል፣ ያልተመለሰ የግዢ ገንዘብ። ከሥር በየመጋዘኑ አግዳሚ ባር። ከዚያ በታች «ዛሬ መታየት ያለበት» የሚል አጭር ዝርዝር። ከላይ በቀኝ «መረጃው የደረሰው እስከ ኅዳር 12፣ ከቡሬ እስከ ኅዳር 10» የሚል ጽሑፍ ይኑር። ይህች ትንሽ መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ክቡ፣ እንደ ዳቦ የተቆራረጠው ቻርት አያስፈልግም። የፍጥነት መለኪያ የሚመስለውም አያስፈልግም። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፤ የቦርድ አባላት ገበሬዎች ናቸው፣ የሚያስተዳድሩትም የራሳቸውን ገንዘብ ነው። በወረቀት ታትሞ በጥቁርና ነጭ ሲወጣም ይነበብ እንደሆነ አትማችሁ እዩት። ቀይና አረንጓዴ በጥቁር ፕሪንተር አንድ ናቸው።

ቁጥር ብቻውን አይናገርምና ማወዳደሪያ ስጡት። የዘንድሮን ታኅሣሥ ከኅዳር ጋር ሳይሆን ከአምናው ታኅሣሥ ጋር አወዳድሩ። እህል ወቅት አለው፤ ከወር ወር ካወዳደራችሁ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ «አስደናቂ ዕድገት»፣ ሰኔ ላይ «አሳሳቢ ቅናሽ» ታወራላችሁ።

8. ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስኪዱት

ቢያንስ ለአንድ የግዢ ወቅት የድሮው ሪፖርትም አዲሱም ይሠራ። በየሳምንቱ ሁለቱን አስተያዩ፣ ልዩነቱን በመስመር ጻፉ፦ ስንት ነው፣ ለምን፣ ማን አስተካከለ። አንዳንዴ ስህተቱ የድሮው ሪፖርት ላይ ይገኛል፤ ያኔ ዝም ብላችሁ አስረዱ፣ አትፎክሩ። በወር አንዴ ደግሞ በአካል ቆጠራ ይደረግ። ሲስተሙ 1,240 ኩንታል ካለ መጋዘን ገብታችሁ ክምሩን ቁጠሩ። ስክሪኑና ክምሩ ካልተስማሙ የሚታመነው ክምሩ ነው።

ልዩነቱ ስንት ሲሆን ሙከራው አለፈ እንደሚባል አስቀድማችሁ ወስኑ። ድርቀቱ ተቀንሶ ሁለት በመቶ ይሁን፣ አንድ ይሁን፣ የእናንተ ውሳኔ ነው። ሳትወስኑ ከገባችሁ ግን ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

9. ማን ምን ያያል

ዋናው ሐሳብ አጭር ነው። ማህበሩ የራሱን፣ መጋዘኑ የራሱን፣ ዋናው ቢሮ ሁሉንም ይይ። የአባላት ስም፣ ስልክና ዕዳ የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ አንብቡት። ለቦርድ የሚቀርብ ገጽ ላይ የግለሰብ ስም አያስፈልግም። የአባላትን ዝርዝር በኤክሴል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣልም ይቁም።

10. ሰኞ 3 ሰዓት

ሲስተሙ የሚኖረው በስብሰባው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ገጹን ከፍቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ሐሙስ መጋዘን ላይ ቁጥር የሚሞላው የለም። ስለዚህ ስብሰባው በዚያ ገጽ ይጀመር፣ ቃለ ጉባኤው ላይም «በዚህ ቁጥር መነሻነት ይህ ተወሰነ» የሚል መስመር ይግባ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ያቺን መስመር ቁጠሩ። ካልተገኘች ገጹን ቀይሩት ወይም ዝጉት። የተከፈተ ሪፖርት ሁሉ ዕድሜ ልኩን መኖር የለበትም።

ለመጋዘኖቹም ቁጥሩ ይመለስላቸው። የቡሬው ስቶር ኪፐር በወር አንዴ የራሱን መጋዘን ገጽ ታትሞ ቢያይ፣ የማን ቁጥር እንደዘገየ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ሠልጥኖ የሚሄድ ሰው ይኖራል፤ ሙያው ያለው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ አትፍረዱበት። ግን ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው ይሥራው። የይለፍ ቃሉ በሁለት ሰው እጅ፣ በታሸገ ፖስታም ካዝና ውስጥ ይሁን። መረጃው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታደስ በአማርኛ በሁለት ገጽ ይጻፍ፤ ከዚያ ሥራውን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ያንን ገጽ ብቻ ይዞ ሪፖርቱን አድሶ ማውጣት ይችል እንደሆነ አስሞክሩት። ካልቻለ ገጹን አስተካክሉ። ሦስቱ ጥያቄዎች ያለ እናንተ መመለስ ሲጀምሩ፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ማለት ነው፣ ደጀንንና ደምበጫን ጨምሩ፤ አራተኛውን ጥያቄ ደግሞ ከዚያ በኋላ።